ፀሐይ በነጻ፣ ባትሪ በገንዘብ

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች «ስለ ሶላር ንግግር አድርግልን» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ጠጋኝ ነኝ። እጄ እንጂ አፌ ብዙም አይሠራም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ላውራችሁ።

«የ13 ወር ፀሐይ» እየተባልን ነው ያደግነው። መፈክሩ ቱሪስት ለመጥራት የወጣ ቢሆንም ውሸት የለበትም። አገራችን ውስጥ አንዲት ካሬ ሜትር ቦታ በአማካይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ጉልበት ታገኛለች። ታዲያ ፀሐዩ ካለ፣ የገዛነው ሶላር ለምን በሁለት ዓመቱ ይሞታል?

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «ሶላሩ ተበላሽቷል» ብለው አስጠሩኝ። ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ፓኔሉ በማዳበሪያ ከረጢት ጥብቅ ተደርጎ ተሸፍኗል። «እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። «ፀሐይ እንዳያበላሸው ነዋ ልጄ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። መንገድ ላይ ግን አፈርኩ። የሸጠላቸው ሰው ብሩን ቆጥሮ ሄደ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አንዲት ቃል አልነገራቸውም። ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ከረጢት ባይኖርም አቧራ አለ። በውቂያ ሰሞን እብቁ ፓኔሉ ላይ ይጋገራል። ማለዳ፣ ሳይግል፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በአመድ መፈተግ የለም! ጥላም እንዲሁ። ውስጡ ያሉት ሴሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሌሎቹንም ይዞ ይቀራል። አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይበቃዋል።

እናቶች ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «በሶላር እንጀራ ይጋገራል ወይ?» ላታልላችሁ አልፈልግም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው 100 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን ቢበዛ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። የአንድ ሰዓት ጋገራ የአንድ ሳምንት ፀሐይ ይበላል ማለት ነው። ለእንጀራው «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ይሻላችኋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ዓይናችሁም ያርፋል።

ሶላሩን ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለስልክ ተዉት። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኩራዝ ነው ያጠናሁት። ጠዋት አፍንጫዬን ስጠርግ መሐረቡ ጥላሸት ነበር። ዛሬ 5 ዋት የምትበላ አምፖል ከዚያ ኩራዝ በስንት እጥፍ ታበራለች።

አሁን ወደ ባትሪው። ፓኔል በደንብ ከተያዘ 20፣ 25 ዓመት ያገለግላል። የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ በተደጋጋሚ ካለቀ ዕድሜው አጭር ነው። ኳሱ ጭማሪ ሰዓት ገባ ተብሎ ባትሪው ጥርግ እስኪል ቴሌቪዥን ማየት፣ እሱ ነው የሚገድለው። ወንዶች፣ እናንተን ነው!

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የአንድ ያረጀ ባትሪ አሲድ ከሱቄ ጀርባ ደፋሁ። እዚያች ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ሣር አልበቀለም። በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት ደግሞ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። «ንጹሕ ኃይል» እያልኩ የምሸጠው እኔው፣ አፈሩን የመረዝኩትም እኔው።

ስለዚህ ያረጀ ባትሪ አትክፈቱ፣ ቆሻሻ ላይም አትጣሉ። ልጅ እንዳይነካው አድርጋችሁ ሱቄ አምጡልኝ። ሰብስቤ እርሳሱን መልሰው ለሚጠቀሙበት እልከዋለሁ። አዲስ ከእኔ ባትገዙም አምጡት፣ ቅር አይለኝም። እሺ፣ ትንሽ ይለኛል።

ንግግሬ ይኸው ነው። በሩ ላይ አንድ ፓኔልና መለኪያ አስቀምጫለሁ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ፀሐይዋም አናታችን ላይ ነች። ኑና ፓኔሉ ጥግ ላይ መዳፋችሁን ዘርጉ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ በዓይናችሁ እዩት። ልጆች ይቅደሙ።