ጥንቸሉ ተኮላሽቶ ቤት ሲገባ፦ ከስፌቱ በፊት ሆዱን

እሱ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከደብረ ማርቆስ ነን። ጥንቸል ያላችሁ አድማጮች፣ ዛሬ የእናንተ ተራ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እንደምታውቋት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ እኔ ጠያቂ ነኝ። እንግዲህ ጥንቸሉ ተኮላሽቶ ቤት ገባ እንበል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን ነው አይደል?

እሷ፦ ሁሉም ስፌቱን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ሆዱን እዩልኝ ነው የምለው። የወንዱ ቁስል ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይድናል። የሚያሰጋው የአንጀት መቆም ነው። የጥንቸል አንጀት ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ሕመም፣ ፍርሃትና ማደንዘዣ ሲደራረቡበት ይዳከማል፣ ጋዝ ይሞላዋል፤ ሲነፋው ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ጭራሽ አይበላም።

እሱ፦ ሰው ኦፕራሲዮን ሲገባ ግን ከዋዜማው ጀምሮ «እህል እንዳትቀምስ» ይባላል።

እሷ፦ ለጥንቸል አይሆንም! ሰው የሚከለከለው እንዳያስመልሰው ነው። ጥንቸል ማስመለስ አይችልም። አፉ ውስጥ ምግብ እንዳይቀር ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ሊያነሳበት ይችላል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ የለም። የለመደውን ቅጠልም ይዛችሁለት ሂዱ፤ እንደነቃ አፉ ሥር ይቀመጥለት።

እሱ፦ ቤት ሲገባስ?

እሷ፦ ድርቆሽ እንደ ልቡ፣ ውኃ በሳህን፣ ትንሽ ሰርዶ። በዚያው ቀን መቀማመስ መጀመር አለበት። ከዚያ በጠጡን እዩ፤ ክብ፣ ደረቅ፣ ሽምብራ የምታህል ናት። የመጀመሪያው ቀን ብታንስና ብትቀንስ አትደንግጡ፤ እየበዛች ከሄደች ደግ ነው። 12 ሰዓት ሙሉ ካልበላ ወይም ምንም ካልጣለ ግን «ነገ ይሻለዋል» ብሎ ማደር የለም። ሐኪሙ ጋ ደውሉ፣ በሌሊትም ቢሆን።

እሱ፦ እንዳመመው በምን አውቃለሁ? ጥንቸል አይጮህ።

እሷ፦ ሕመሙን ይደብቃል፤ አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነዋ። ግን ጥግ ይዞ ይኮራመታል፣ ዓይኑን ገርበብ ያደርጋል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ቀረብ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ይሰማል። ሐኪሙ የሰጠውን ማስታገሻ፣ ብዙ ጊዜ ሜሎክሲካም ነው፣ በታዘዘው ልክ ስጡት፤ የተሻለው መስሏችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምናለሁ፦ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትስጡት። በአፍ ሲገባ ምግቡን የሚያብላሉለትን ባክቴሪያዎች ይፈጅና ጎጂዎቹ ይበዛሉ። ጥንቸል በዚህ ይሞታል። አምፒሲሊንም ያው ነው።

እሱ፦ እኛ አገር ደግሞ ቁስል ሲባል ማርና ቅቤ ነው የሚመጣው።

እሷ፦ የጎጃም ማር እንደ ተከበረ ይኑር፤ እዚህ ላይ ግን ምንም አትቀቡ። ይልሰዋል፣ ጸጉሩ ይጣበቃል፣ ዝንብም ይሰበስባል። ዝንብ በረጠበ ወይም በቆሸሸ ጸጉር ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ ትሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሊፈለፈል ይችላል። ባሕር ዳር ያላችሁ በተለይ፣ ሙቀት ስላለ፣ ጠዋትና ማታ ጭራው ሥር እዩ። ሰጋቱራውንም አንሱለት፣ ስፌቱ ላይ ይለጠፋል። ንጹሕ ፎጣ ወይም ጋዜጣ ይበቃል።

እሱ፦ እኛ ማርቆሶች ደግሞ ብርዱ ነው የሚያስቸግረን።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ማደንዘዣው ራሱ ሰውነቱን ያቀዘቅዛል። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሙሉና በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኑ ብቻ አስቀምጡለት። ሲበዛበት የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው።

እሱ፦ ስፌቱን ሳይስ እንዴት ልያዘው?

እሷ፦ ብቻህን አትሞክረው። አንዱ ጭኑ ላይ ፎጣ አንጥፎ ይያዘው፤ ደረቱንም ቂጡንም ደግፎ ነው ታዲያ። ሌላው ከፊት ቀና አድርጎ ከሥር ይመልከት። የኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ በኃይል ከተራገጠ የገዛ ወገቡን ሊሰብር ይችላል፤ ጡንቻው ብርቱ ነው፣ አጥንቱ ግን ስስ ነው። ትንሽ እብጠት ያለ ነው። ደም፣ መግል ወይም የተከፈተ ስፌት ካያችሁ ወደ ሐኪም።

እሱ፦ ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚደረገው ፕላስቲክስ?

እሷ፦ ካልተገደዳችሁ ይቅር። ጥንቸል ከደረቁ ሌላ ለስላሳ በጠጥም አለው፤ እሱን ከቂጡ ወስዶ መልሶ ይበላል፣ ቫይታሚን የሚያገኝበት ነው። ፕላስቲኩ ይህን ይከለክለዋል፣ ያስጨንቀዋልም።

እሱ፦ ሴቷስ?

እሷ፦ የእሷ ሆድ ስለሚከፈት ይከብዳል፤ ለ10 ቀን ያህል ከፍ ካለ ነገር ላይ እንዳትዘል ጠብቋት።

እሱ፦ ወንዱን መቼ ከሴቷ ጋር ልቀላቅለው?

እሷ፦ እስከ 6 ሳምንት ለየብቻ። ከተኮላሸ በኋላም ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር አለ፤ ሊያስረግዛት ይችላል። እርግዝናዋ 1 ወር ያህል ብቻ ስለሆነ ሳታስቡት ቤቱ በግልገል ይሞላል። በሽቦ አጥር ለይታችሁ ጎን ለጎን አኑሯቸው፤ እየተያዩና እየተሻተቱ ይቆዩ፣ ኋላ ሲቀላቀሉ መነካከሱ ይቀንሳል።