ማማ ላይ የሚውለው ልጅ

በመስከረም ማገባደጃ በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ጉባኤ ላይ በርእሰ መምህሩ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራን፤ እንደምን ዋላችሁ።

መስቀል አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል። መስከረም 26 ክረምቱ ወጥቶ መጸው ይገባል። ዛሬ እዚህ ለመገኘት ምን ሥራ ጥላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ደጋው ላይ ገብሱ ማዛጎል ጀምሯል፤ ባቄላው እሸት ደርሷል። ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ቆላ ማሽላው ራስ አውጥቷል። በመረሬው መሬት ሽምብራ ያልዘራ ሰው እርጥበቱ ሳያመልጠው መዝራት አለበት። ሣሩም አጫጅ ይፈልጋል፤ አብቦ ፍሬውን ካረገፈ በኋላ የታጨደ ድርቆሽ የከብቱን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆነውም። ይህ ሁሉ እየጠበቃችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ከአሁን እስከ ታኅሣሥ ባለው የመኸር ሥራ ውስጥ ልጆቻችን ስለሚይዙት ድርሻ ልናገር ነው የመጣሁት። በመስከረም የተመዘገበ ተማሪ በጥቅምት አጋማሽ ቦታው ባዶ ይሆናል። መምህሩ ስም ሲጠራ ጓደኞቹ «ማማ ላይ ነው»፣ «ከብት ይዟል»፣ «ደቦ አላቸው» ብለው ይመልሱለታል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። በልጅነት ጉልበታቸው ቤታቸውን የሚያቆሙ፣ ልንኮራባቸው የሚገቡ ልጆች ናቸው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማሽላ ጠብቄ፣ ከብት አግጄ ነው ያደግሁት።

ወፍ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለወጣት መምህራኖቻችን ግን ልንገራቸው፤ ከከተማ የመጡት አንዳንዶቹ ማማ ላይ መቀመጥ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ልጁ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል። ጤዛው እስከ ጉልበቱ ያርሰዋል፤ የጥቅምት ብርድ ደግሞ እንደምታውቁት አጥንት ይገባል። ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያዘጋጃል፣ ጅራፉን ያጮሃል፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። ማሽላው ወተት በያዘበት ጊዜ ወፍ ፍሬውን ገና ሳይጠነክር ይመጠዋል። ግሪሳ በመንጋ ከወረደ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ «ልጃችሁን ከማማው አውርዱት» ብዬ ብቻ ወደ ቢሮዬ ብመለስ፣ የምትሉኝን አውቃለሁ፤ ትክክልም ናችሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር አብረን እንይ። ወፍ ቀኑን ሙሉ እኩል አይበላም። በብዛት የሚወርደው ማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ልጁ ግን ከጧት እስከ ማታ እዚያው ነው፤ ከቀትሩ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመተከዝ ነው። ትምህርት ቤታችን ደግሞ በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ማሳቸው የተጎራበተ ሁለት ቤተሰቦች ቢስማሙ፣ የአንደኛው ልጅ በጧት ፈረቃ፣ የሌላኛው በከሰዓት ፈረቃ ሊመዘገብ ይችላል። የከሰዓቱ ተማሪ ማለዳ የሁለቱንም ማሳ ይጠብቃል፤ የጧቱ ተማሪ ደግሞ ከትምህርት ሲመለስ ማማውን ይረከበዋል። አዋቂዎች በአጨዳ ወንፈል ትገባባላችሁ፤ ለልጆቻችሁም የጥበቃ ወንፈል ፍጠሩላቸው። ፈረቃ ለመቀየር ማመልከቻ አልጠይቃችሁም፤ ሁለታችሁም ወላጆች ቀርባችሁ መስማማታችሁን ከነገራችሁኝ ይበቃል።

የከብቱም ነገር እንዲሁ ነው። እህሉ ማሳ ላይ እስካለ ድረስ ከብት ለአፍታ አይለቀቅም፤ ላም የሰው ጤፍ ከገባች የሚመጣውን ጠብ ሁላችንም እናውቃለን። እህሉ ተሰብስቦ ማሳው ለግጦሽ ሲለቀቅ ግን እረኝነቱ ይቀላል። ስለዚህ ጭንቁ በነዚህ ሁለት ወራት ነው፤ ለሁለት ወር ደግሞ አምስትና ስድስት ቤት ከብቱን አንድ ላይ አድርጎ በየተራ ማሰማራት አያቅተውም። የቆየ ልማዳችን ነው፤ በአንዳንድ ጎጥ ዛሬም አልተተወም።

አሁን ደግሞ ስለ ሴቶች ልጆች ልናገር፤ አባቶች እንዳትቀየሙኝ። ወንዱ ማማ ላይ ስለሚታይ ስለእሱ እናወራለን። የሴቷ ሥራ ግን ጓዳ ውስጥ ስለሆነ ቀሪነቷም ሳይስተዋል ያልፋል። ደቦ ሲጠራ በዋዜማው ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። በዕለቱ ወጥና እንጀራ ተሸክማ ማሳ ትወርዳለች። በማግስቱ ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ታነሣለች። የአንድ ቀን አጨዳ ለእሷ የሦስት ቀን መቅረት ነው። በየሳምንቱ አንድ ደቦ ካለ ከመማሪያ ሳምንቱ ምን ይቀራታል? እኔ የሚታየኝ፣ ለአጨዳ ወንፈል ይሻላል፤ ጉልበት በጉልበት ስለሚመለስ ድግስ አይፈልግም፣ ሁሉም ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ሊመጣ ይችላል። ደቦ የግድ ከሆነም ቅዳሜ ይሁን፤ ውሃውን ወንዱ ልጅ በአህያ ያምጣ። ውሃ መቅዳት ወንድነት አይቀንስም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ፊደላችን 33 ነው፤ ከነሰባት ቤቱ 231 ይሆናል። ጥቅምትና ኅዳር መምህራችን ከአንዱ የፊደል ቤት ወደ ሌላው እየተሻገሩ እነዚህን ፊደላት የሚያስተምሩበት ጊዜ ነው። ልጁ ሀሁ ላይ እያለ ይቀራል። በታኅሣሥ ምርቱ ጎተራ ገብቶ ሲመለስ ጓደኞቹ ቃላት ያነባሉ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን እንዲያነብ ሲጠሩት ያቀረቅራል። ከዚያ ሌላ ቀን ይቀራል፣ ከዚያም ሌላ። እኛ «ትምህርት አቋረጠ» ብለን መዝገብ ላይ የምንጽፈው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ነው፤ ያቋረጠው ግን በጥቅምት ነው። እባካችሁ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ በምንም ምክንያት ከክፍል አታስቀሩ። ከታላላቆቹ ጋር የምንመካከርበት መንገድ አለ፤ በትንንሾቹ ግን አልደራደርም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል።

ይህን ስል ልጅ ሥራ አይንካ ማለቴ አይደለም። አውድማ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። አውድማው በእበት ሲለቀለቅ፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታይቶ ምርቱ በመንሽና በላይዳ ሲበተን ገለባው ወዲያ ፍሬው ወዲህ ሲለይ፣ ያንን አብሮ የሠራ ልጅ መጽሐፍ የማይነግረውን ያውቃል። የጤፍ ፍሬ ከ2500 እስከ 3000 ያህሉ ተሰብስቦ አንድ ግራም ነው የሚመዝነው። የሒሳብ መምህራኖቻችን ዘንድሮ በዚህ ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ከአውድማ ያመጡት እውቀት ክፍል ውስጥ ዋጋ እንዲኖረው እንፈልጋለን። አርሲና ባሌ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭደዋል። የእኛ ተዳፋት ግን ኮምባይነር አያስገባም፣ ገና ብዙ ዓመት በማጭድ እናጭዳለን፤ የልጆቹም እጅ ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ፣ ከትምህርት መልስ፣ አብረዋችሁ ይሥሩ።

በጎተራውም በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ከትምህርቱ ቀርቶ ከወፍ ያዳነው ማሽላ ጎታ ውስጥ ለነቀዝ ሲሆን ማየት ያንገበግባል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት እየተለመደ መጥቷል፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥቡን ካሰራችሁት ይሻግታል። የግብርና ባለሙያዎቻችን ከጉባኤው በኋላ አሠራሩን በተግባር ያሳዩአችኋል።

ከእኛስ በኩል? ከማሳ መጥቶ የዘገየን ልጅ ከበር አንመልስም፤ ዘበኛውም መምህራኑም ይህንን ይወቁት። የአጨዳው ሥራ በሚጠናበት በኅዳር ዋና ፈተና አንሰጥም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላመለጣቸው ልጆች የማካካሻ ትምህርት ይኖራል፤ ፈቃደኛ የሆኑ መምህራን ስማቸውን ሰጥተውኛል፣ በእናንተም ፊት አመሰግናቸዋለሁ። ኅዳር ላይ ድንገት ዝናብ ቢጥልና የታጨደውን ለመከመር መንደሩ ሁሉ ቢወጣ፣ ንገሩንና የዚያን ቀን ትምህርት ወደ ሌላ ቀን እናዛውራለን። እኛም ልንከምር እንመጣለን። ሳትነግሩን ግን አታስቀሯቸው፤ አስቀድመን ካወቅን ምን እንደሚያመልጠው ለይተን እንይዝለታለን።

በሩ አጠገብ ባሉት ጠረጴዛዎች መምህራን በየጎጡ መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ከማን ጋር ማሳ እንደምትጎራበቱ፣ የትኛው ልጃችሁ በየትኛው ፈረቃ ቢሆን እንደሚመቻችሁ፣ ከብት በተራ ለማሰማራት ከእነማን ጋር እንደተስማማችሁ አስመዝግቡ። ጎረቤታችሁ ዛሬ ካልመጣ ለእሱም ንገሩት፤ እስከ መስከረም 30 እንመዘግባለን። የፈረቃው ለውጥ ከጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ይሠራል።

አመሰግናለሁ።