ዊንዶውስና ኡቡንቱ በአንድ ኮምፒውተር፦ ሥራው የሚጀምረው ዊንዶውስ ውስጥ ነው

[ስክሪን ላይ፦ ጥቁር ገጽ፣ ጥቂት መስመር ነጭ ጽሑፍ]

ይሄ ጥቁር ገጽ ግረብ ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ «ዛሬ በየትኛው ልነሳ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው። ላይ ኡቡንቱ አለ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ የሊኑክስ ሲስተም ነው፤ ወረድ ስትሉ ዊንዶውስ። በቀስት ትመርጣላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ። ዝም ካላችሁት ትንሽ ይጠብቅና የመጀመሪያውን በራሱ ያስነሳል።

ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ እንድረስ። ዊንዶውስ አላችሁ፣ ኡቡንቱን ጎኑ እናስቀምጣለን። ኡቡንቱን መጫን ራሱ ቀላል ነው፤ ቀጥል ቀጥል እያላችሁ ያልቃል። ሰው የሚበላሽበት ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ ለጊዜው ኡቡንቱን እርሱት።

መጀመሪያ ባክአፕ። አውቃለሁ፣ ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አያደርገውም። እኔም አላደረግኩም ነበር። አንድ ምሽት እንቅልፍ እያዳፋኝ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን መረጥኩ። ስነቃ ኡቡንቱ አምሮበት ተቀምጧል፤ የዓመታት ፎቶዬ ግን የለም። የምትሳሱለትን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ተመለሱ። እጠብቃለሁ።

[ስክሪን ላይ፦ የቢትሎከር ገጽ]

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ሳትጠይቋቸው ዲስኩን ይቆልፋሉ። ኖርማል ጊዜ አታዩትም። የማስነሻ ሴቲንግ ስትነካኩ ግን ዊንዶውስ ይጠራጠርና መክፈቻ ይጠይቃል፤ 48 አሃዝ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሴቭ ማድረግ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር እንምጣ። ዊንዶውስን «ሻት ዳውን» ስትሉት በትክክል አይዘጋም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። የሲስተሙን እምብርት ከነበረበት ሁኔታ ጋር ዲስክ ላይ ጽፎ ያሸልባል፤ ነገ ሲበራ ከዚያው ይቀጥላል። ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ጣጣ ነው፤ ዊንዶውስ ዲስኩን ይዞ እንዳሸለበ ኡቡንቱ ይመጣና «ይሄ ገና በሰው እጅ ነው» ይላል። ወይ አይከፍትላችሁም፣ ወይ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። በግድ ጻፉበት ካላችሁ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። የሚገርመው፣ ሪስታርት ስታደርጉ ግን በደንብ ይዘጋል።

[ስክሪን ላይ፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ]

ኮንትሮል ፓነል ግቡ፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፓወር በተን ምን ይሥራ የሚለው። ፋስት ስታርትአፕን ስታገኙት ደብዝዞ አልነካ ሊላችሁ ይችላል። ከላይ በሰማያዊ የተጻፈችውን መስመር ክሊክ አድርጉ፣ ይከፈታል። ምልክቱን አንሱና ሴቭ በሉ።

አሁን ለኡቡንቱ ቦታ እንልቀቅለት። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ፣ ዲስክ ማኔጅመንት። ሲ ድራይቭን ራይት ክሊክ፣ ሽሪንክ ቮልዩም። ቁጥሩ በሜጋባይት ነው፤ ለ50 ጊጋባይት 51200 ትጽፋላችሁ። በ25ም መጫን ይቻላል፣ ግን ቶሎ ይጠብባችኋል። አንዳንዴ ግማሹ ዲስክ ባዶ ሆኖ «ከዚህ በላይ አልቀንስም» ይላል። ከቦታቸው የማይነቃነቁ የሲስተም ፋይሎች መሀል ላይ ተቀምጠው ነው።

ከቀነሳችሁ በኋላ ጥቁር ሰረዝ ያለበት ባዶ ቦታ ታያላችሁ። እንዳለ ተዉት። ፎርማት አታድርጉት፣ ስምም አትስጡት። ኢኤፍአይ የሚል ትንሽ ፓርቲሽንም፣ ማለት የዲስክ ክፍል፣ ታያላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታጠፉት። ዊንዶውስም ኡቡንቱም የሚነሱት ከእሱ ነው።

ኡቡንቱን የምንጭነው ከፍላሽ ነው፤ 8 ጊጋባይት ይበቃል። የኡቡንቱን ፋይል አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ጻፉበት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከፍላሹ ለመነሳት ሲበራ ኤፍ12፣ ኤፍ2 ወይም ኢስኬፕ ይጫናል፤ እንደ ማሽኑ ነው። ሴኪዩር ቡትን፣ ማለት ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ አጥፉ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ ለኡቡንቱ አያስፈልግም። ሲነሳ ወዲያው አትጫኑ፣ መጀመሪያ ሞክሩት። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ዲስካችሁ ገና አልተነካም።

[ስክሪን ላይ፦ የኢንስቶለሩ ምርጫ ገጽ፣ ለአምስት ሰከንድ ይቁም]

እዚህ ጋ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። አንዱ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» ይላል፣ አንዱ «ዲስኩን አጥፋ»። የእኔ ፎቶዎች ያለቁት እዚህ ገጽ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምረጡ። «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለው ጭራሽ ከሌለ ወይም ዲስኩ ባዶ ነው ካላችሁ፣ አቁሙና ውጡ። ኡቡንቱ ዊንዶውስን አላየውም ማለት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ሬይድ በሚባል ሁኔታ ስለተዘጋጀ ነው። ባዮስ፣ ማለት ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ፣ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፤ ዊንዶውስ ቀድሞ ካልተዘጋጀ አልነሳም ይላል።

ለምን ዊንዶውስ ቀድሞ ይጫናል? ኡቡንቱ ሲመጣ ጎረቤት እንዳለው ዞር ብሎ ያያል። ዊንዶውስ አያይም፤ ገብቶ የመጀመሪያውን ወንበር ይይዛል። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ግረብ ቢጠፋባችሁም አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ተራው ነው የተቀየረው። ባዮስ ግቡ፣ በማስነሻ ዝርዝሩ ኡቡንቱን ወደ ላይ አውጡት።

አንድ የቀረ አለ። ከኡቡንቱ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ተዛብቶ ታገኙታላችሁ። ባትሪው አልሞተም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ነው፤ ዊንዶውስ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ። ሁለቱም ልክ ነኝ ባይ ናቸው። ኡቡንቱን «አንተም እንደ ዊንዶውስ አንብብ» ማለት ይሻላል፤ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ያልቃል።

[ስክሪን ላይ፦ ተርሚናል፣ ትዕዛዙ በትልቁ]

ቪዲዮውን አቁማችሁ ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል፣ ማለት ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቱና ጻፉት። ከዚያ ሪስታርት አድርጉ፣ ዊንዶውስ ግቡና ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ተመልሳችሁ ኡቡንቱን ክፈቱ። ሰዓቱ ሁለቱም ላይ አንድ ከሆነ ፍላሹን ንቀሉት።