አልጎደለም፣ ቀለበቷን እዩ
ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሳው የጀማሪ ኤሌክትሮኒክስ ኪት ተከፍቶ አንድ ዕቃ ሲጎድል የሚሆነውን ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣ ኪት ከሆነ መመለስም መቀየርም የለም። መመሪያው "10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አምጣ" ይላል (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ፣ መጠኑ በቀለም ቀለበቶች የተጻፈበት ትንሽ ዕቃ ነው)፤ ልጁ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ሳጥኑ ተዘግቶ ቁምሳጥን ላይ ይወጣል። በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ ሬዚስተሩ ብዙ ጊዜ እዚያው መኖሩ ነው።

እንዴት መሰላችሁ፦ መመሪያው የሚያሳየው ባለ አራት ቀለበቱን ነው፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ወርቃማ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊው፣ ባለ አምስት ቀለበቱ ነው። በእሱ 10 ኪሎ ኦም ማለት ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡኒ ነው። ብርቱካናማ የሚባል የለበትም! 1 ኪሎ ኦም ደግሞ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቡኒ። የሚለያቸው አራተኛዋ ቀለበት ብቻ ናት፤ ማታ በአምፖል ብርሃን ሰማያዊ ላይ ያለ ቀይና ቡኒ አይለይም። ስለዚህ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉና ለኩ። 10 አካባቢ ካነበበ እሱ ነው። ሁለቱንም እግሮች በጣት አትያዙ፤ የሰውነታችን ሬዚስታንስ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል።

እውነትም ከሌለስ? ስሙን ትታችሁ ሥራውን ጠይቁ። በተን (የሚጫን ቁልፍ) ላይ ያለው 10 ኪሎ ኦም ሥራው በተኑ ሳይነካ ፒኑ፣ ማለትም በተኑ የተያያዘበት የቦርዱ እግር፣ እንዳይዋልል መያዝ ነው። ከ4.7 እስከ 47 ኪሎ ኦም ያለ ሁሉ ይሠራዋል። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው፣ በኮድ የሚታዘዘው ቦርድ ደግሞ ውስጡ የራሱ ሬዚስተር አለው። ኮዱ ላይ ፒኑን "ኢንፑት ፑልአፕ" (INPUT_PULLUP) በሉት፣ በተኑን በፒኑና በግራውንድ (GND፣ በኔጌቲቩ መስመር) መካከል አድርጉ። ንባቡ ግን ይገለበጣል፤ ሲጫን ዜሮ፣ ሲለቀቅ አንድ። ይህን የረሳ ሰው ቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ለኤልኢዲ (ለትንሿ መብራት) 220 ኦም ከጠፋ 330 አስገቡ። ከ5 ቮልት ላይ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ የቀረው 3 ቮልት ለ330 ሲካፈል 9 ሚሊአምፔር፣ በደንብ ይበራል። ሁለት 100 ኦም ጫፍ ለጫፍ ማያያዝም ይቻላል፣ 15 ሚሊአምፔር ይሆናል። ያለ ሬዚስተር ግን በፍጹም። ለኤልሲዲው (ለጽሑፍ ማሳያው ስክሪን) ፖቴንሽዮሜትር (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ካጣችሁ የስክሪኑን ሦስተኛውን እግር በ1 ኪሎ ኦም ከግራውንድ ጋር አገናኙት፤ ያለዚያ ስክሪኑ በርቶም ጽሑፍ አይታይበትም።

ትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ላይ ግን እለምናችኋለሁ፣ ቀስ በሉ። በፒኤን 2222 ፋንታ ቢሲ 547 ይገባል የሚል ብዙ ነው። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሩ፦ ፒኤን 2222 ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ 547 ተገላቢጦሽ። አቅሙም 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፣ ፒኤን 2222 ግን 600 ይችላል። ለኤልኢዲ ይበቃል፤ ሞተር ግን ሲነሳ ሊያቃጥለው ይችላል።

የሞተሩ ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ከጎደለ ያንን ሙከራ አቆዩት። ሞተሩ ሲጠፋ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል የሚመልሰው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ይገድለዋል። ዋን ኤን 4007 (1N4007) የሚባለውን ዳዮድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ስታገኙ፣ ነጭ ቀለበቷ ወደ ፖዘቲቭ።