ደወሉ ከተደወለ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ ከጅማ ነው። ዛሬ የማወራው በገጠር ሚሽን አዳሪ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ስለማገልገል ነው። ወደ አጋሮም ይሁን ወደ ቦንጋ መስመር ወጣ ብሎ ለማገልገል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ላስተምር?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ምን ልሥራ?» ቢል ደስ ይለኛል። ክፍል ውስጥ መምህር አለ። አዳሪ ቤት ሰው የሚያጥረው የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ተማሪው እስኪተኛ ድረስ ነው።

በውኃ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለተመላላሽ ተማሪ በቀን 5 ሊትር፣ ለአዳሪ 20 ሊትር ይላል። 150 አዳሪ ካለ በቀን 3,000 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ታዲያ ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። «ጅማ ደግሞ መቼ ዝናብ አጥታ!» የሚል ይኖራል። ክረምቱን እውነት ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ይሳሳል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,000 ሊትር ይወርዳል፤ የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 800 ገደማ ሮቶው ይደርሳል። ያውም አሸንዳው በቅጠል ካልተደፈነ! ከበጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ፣ ቱቦውን ነቅሎ ያንን ውኃ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ማንም ማውራት ወደማይወደው ልምጣ፤ እከክ። ተደራራቢ አልጋ ባለበት፣ ልጆች ብርድ ልብስ በሚጋሩበት ዶርም መግባቱ አይቀርም። የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሚያክከው ልጅ ብቻ ይታከማል። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ግን ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ያዘዘው ቅባት፣ ፐርሜትሪን ይሁን ቤንዚል ቤንዞኤት፣ የዶርሙ ልጅ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባዋል። ከአንገት በታች መላ ሰውነት ነው፤ የጣት መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ወገብ፣ ብልት አካባቢ አይዘለልም። ልብስና አንሶላው በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የማይታጠበው በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጣል። እንግዲህ የ40 ልጅ ልብስ በአንድ ቀን ሲታጠብ ሮቶውን አስቡት፤ ሳይሞላ አትጀምሩ። በሳምንቱ ቅባቱ ይደገማል። ማሳከኩ ከዚያም በኋላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ በየቀኑ የሚቀባ አለ፤ ትርፉ ቆዳውን ማቃጠል ነው።

ወጥ ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ጅማ አካባቢ ሚሽን ትምህርት ቤትም ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይማራሉ፤ ስጋ ላይ ግን ማዕዱ ይለያያል። ከሩቅ የመጣ ቅን እንግዳ «ልጆቹን ላስደስት» ብሎ በሬ ገዝቶ ቢያርድ፣ ከልጆቹ ከፊሉ ሳይበላ ያድራል። ሽሮና ክክ ሁሉንም ያስማማል፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመውም ዘይት እንጂ ቅቤ አይግባበት። በረመዳን ለስሁር የሚነሳ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ምድጃ የሚያቀጣጥል በጎ ፈቃደኛ ወጥ ቤቶቹ መቼም አይረሱትም።

የማታ ጥናቱ ላይ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። የጅማ ዙሪያ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ 9ኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አማርኛ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እናንተም ከእርሱ እኩል ትቸገራላችሁ። ሰዋስው ከማስተማር ይልቅ የራሱን መጽሐፍ ዘርግታችሁ በአንድ ማታ አንድ ገጽ ብታነቡ ይሻላል። «አወዳድር»፣ «አብራራ»፣ «ምክንያቱን ግለጽ» የሚሉ የፈተና ትእዛዞችን በእንግሊዝኛ ለይቶ ካላወቃቸው፣ ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል። መብራት ሲጠፋ የሶላር ፋኖስ እንጂ ሻማ ዶርም አይግባ። በሩም በውጭ በቁልፍ ተቆልፎ አይደር፤ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን በገባችሁበት ማታ ራሳችሁ ሞክሩት።

መሄድ የማትችሉ፣ ግን አንድ ነገር መላክ የምትፈልጉም አላችሁ። እባካችሁ ለገና አትጠብቁ። የአካባቢው ወላጅ ብር የሚያገኘው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው፤ ለቀማው ደግሞ ከጥቅምት ወዲያ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ላኩ፤ ሳሙና፣ ደብተርና የንጽሕና መጠበቂያ የሚያልቀው ያኔ ነው።