በመርፌ በተወሰደ የጡት ናሙና ላይ የሚሰጥ ግሬድ

የተከበራችሁ ቀዶ ሐኪሞች፣ ራዲዮሎጂስቶች፣ ፓቶሎጂስቶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፤

በኮር ባዮፕሲ (በወፍራም መርፌ ቀጭን የሥጋ ዘንግ፣ ማለትም ኮር፣ በሚወሰድበት ምርመራ) ውጤት ላይ «ግሬድ 2» ተብሎ ሲጻፍ፣ የካንሰሩን የክፋት ደረጃ የሚናገረው ይህ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? ዛሬ የማነሣው ይህን ብቻ ነው። ካንሰር መሆኑን ኮር ባዮፕሲ በደንብ ይነግረናል። ግሬዱ ግን በቀዶ ሕክምና ከሚወጣው ዕጢ ጋር የማይስማማበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሲሳሳትም ብዙውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው።

ለጡት ካንሰር ግሬድ የሚሰጥበት የኖቲንግሃም አሰጣጥ ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ሕዋሳቱ ቱቦ መሥራታቸውን፣ የኒውክሊየስን (የሕዋሱን አስኳል) መልክ መዛባትና የማይቶሲስን (በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን) ብዛት። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ አለው። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ነው። ኒውክሊየሱ በትንሽ ናሙናም ይታያል። ጣጣው ያለው ማይቶሲስ ላይ ነው። ቆጠራው በከፍተኛ ማጉያ 10 ዕይታ (በማይክሮስኮፑ በአንዴ የሚታይ ክብ ቦታ) ይፈልጋል፤ ሕዋሳቱ በብዛት የሚከፋፈሉት ደግሞ በዕጢው ጠርዝ ነው። መርፌው መሐሉን ብቻ ከወጋ ጠባሳና የሞተ ሥጋ ይዞ ይመጣል። አንዲት ነጥብ ጎድላ 8 የነበረው 7 ሲሆን፣ ግሬድ 3 ወደ 2 ወረደ ማለት ነው።

ማይክሮስኮፑም የራሱ ድርሻ አለው። የዕይታው ስፋት 0.50 ሚሊሜትር ከሆነ 15 ማይቶሲስ 3 ነጥብ ያሰጣል፤ 0.55 ከሆነ ያው 15 የሚያሰጠው 2 ነጥብ ነው። የማይክሮስኮፑን ስፋት ሳይለኩ መቁጠር እንግዲህ ግምት ነው። ኮሩ 10 ዕይታ ካልሞላ፣ በስንት ዕይታ እንደተቆጠረ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ናሙና ለምትወስዱ፦ በአልትራሳውንድ እየተመራችሁ በ14 ጌጅ መርፌ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ኮር ውሰዱ፤ ከጠርዙም ይኑርበት። በደረቅ ጎዝ ላይ አታቆዩት፣ በፒንሴት አትጫኑት፤ የተጨፈለቀ ኒውክሊየስ አይቆጠርም። ወዲያው 10 በመቶ በፈር ያለው ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የወጣው ጡት ሁልጊዜ ትክክለኛ ዳኛ አይደለም። ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚሰርገው በዝግታ፣ በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ካደረ መሐሉ ይበላሻል፣ ማይቶሲሱም ለዓይን ይጠፋል። ቀጭኑን ኮር ግን ፎርማሊኑ ቶሎ ስለሚደርስበት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ስለዚህ አንዳንዴ እሱ ከፍ ያለውን ግሬድ ይዞ ይገኛል፤ ያኔ ኮሩን «ተሳሳተ» ማለት አይገባም። ጡቱ እንደወጣ ዕጢው ድረስ ይሰንጠቅ፣ ፎርማሊኑም ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን።

በአገራችን በብዙ ቦታ የሚሠራው ኤፍ ኤን ኤ (በቀጭን መርፌ ሕዋሳትን ብቻ መምጠጥ) ሌላ ጉዳይ ነው። ስሚር (በስላይድ ላይ የተቀባው ናሙና) ላይ ቱቦም ሆነ የዕጢው ወረራ በአግባቡ አይታይም፤ ስለዚህ የኖቲንግሃም ነጥብ አይሰጥበትም። ለሳይቶሎጂ (ለነጠላ ሕዋሳት ምርመራ) የተዘጋጀው የሮቢንሰን ስድስት መስፈርት አለ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ የምትጀምር ታካሚ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ኬሞው የሕዋሳቱን መልክ ስለሚለውጥ፣ ከሕክምና በፊት የሚታወቀው ግሬድ የኮሩ ብቻ ነው። ግሬድ 3 ካለ በአብዛኛው ይጸናል። ግሬድ 1 ብሎ እብጠቱ ግን በፍጥነት የሚያድግ ከሆነ፣ ሕክምናው ከመወሰኑ በፊት ለፓቶሎጂስቱ ደውሉና ስላይዱ ዳግም ይታይ፤ ካስፈለገም ሌላ ኮር ይወሰድ።