ባዶ ሽጉጥ ያስተማረኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። በርካታ አድማጮች "የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም ለዓመታት የተመላለስኩበት ጥያቄ ስለሆነ በአንድ ቃል መልሼ ባልፈው ደስ አይለኝም። በመጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ የገጠመኝን ላጫውታችሁ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄው እንመለሳለን።

ኢላማ መተኮስ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምተኩሰው በቀኝ እጄ ነው፤ ጥይቶቼም ሁሉ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ታች ይወድቃሉ። ማነጣጠሪያው ተዛብቷል ብዬ አስተካከልኩት። ለጥቂት ቀናት የተሻለኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ያው ሆነ። በመጨረሻ ሽጉጡን ቀየርኩ። አዲሱም እንደ አሮጌው ወደ ግራና ወደ ታች። በዚያን ዕለት አሰልጣኜ ምንም ሳይናገር ካዝናውን ከእጄ ተቀበለ፤ ፊቱን አዙሮ ጥይት ሞላበትና መለሰልኝ። ተኮስኩ። ደገምኩ። በሦስተኛው ምላጩን ስስብ "ቀጭ" አለ እንጂ አልተኮሰም። ለካ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ቀላቅሎ ኖሯል። ድምፅም ምትም ባልነበረበት በዚያች ቅጽበት አፈ ሙዙ ወደ መሬት ሲደፋ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። የደፋው የገዛ እጄ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብረቱን ስወቅስ ኖሬአለሁ።

አሰልጣኜ አልገሠጸኝም። "አየኸው?" ብቻ አለኝ። አዎ፣ አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ የሚወጣው ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ያውም ከፊታችን አንድ ክንድ እልፍ ብሎ የሚፈነዳ። እጅም ወደ ኋላ ይመታል። ሰውነት ይህን አንድ ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ሁለተኛውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ምቱ ሳይደርስ ይሸሻል፦ ትከሻ ይኮማተራል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እርሳሱ ከበርሜሉ ከመውጣቱ በፊት በመሆኑ ነው ጥይቱ የሚስተው። ደግሞ ተኳሹ ራሱ አያየውም፤ የሽጉጡ መዝለል ይሸፍንበታል። እጃችን የሠራውን የምናውቀው ሽጉጡ ሳይተኮስ ሲቀር ብቻ ነው።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ከልምምዴ አብዛኛውን የማደርገው በባዶ ሽጉጥ ነው። ማታ ማታ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ጥይት የሚባል ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ ሌላ ክፍል ይቆለፍበታል። ካዝናውን አወጣለሁ። የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቤ እይዛለሁ። ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይኔ አያለሁ፤ ከዚያ ትንሿን ጣቴን ሰድጄ ባዶ መሆኑን እዳስሳለሁ። ማየቱ ብቻ አይበቃኝም፤ የደከመ ዓይን ሊያይ የፈለገውን ያያል። ከዚያ ጥይት ወደማይበሳው ግድግዳ ዞሬ እቆማለሁ።

አንዳንድ ጊዜ በተንሸራታቹ ጀርባ፣ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ፣ አንዲት ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ምላጩን ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ፣ ቀጥ አድርጌ ወደ ኋላ እስባለሁ። ቀጭ ሲል ሳንቲሟ ካልወደቀች ያቺ አንዷ ተቆጠረችልኝ ማለት ነው። እንደገና አቀባብላለሁ፤ እንደገና ሳንቲሟን አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ሰባቱን ጊዜ ከወለሉ ላይ ለቅሜአታለሁ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ባለ 22 ካሊበር ሽጉጦችን (ካሊበር የጥይቱ ውፍረት ልክ ነው) እንዲህ በባዶ አትሳቡ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የጥይቱን ጠርዝ ስለሚመታ፣ ጥይት በሌለበት ብረቱን ራሱን እየመታ ሊያበላሸው ይችላል። ለእነሱ የልምምድ ጥይት ይጎረስላቸው።

ሲያበቃ "ጨረስኩ" እላለሁ። ጮክ ብዬ። ሽጉጡን ወዲያው አስቀምጣለሁ፤ ወደ ልምምዱም በዚያች ሌሊት አልመለስም። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በባዶ ልምምድ ወቅት ጥይት የሚባርቅባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። ሽጉጡን መልሰው አጉርሰው፣ አእምሯቸው ግን ገና ልምምድ ላይ ሳለ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም" ይላሉ። ይህን ስነግራችሁ ድምፄ ቢከብድ ይቅርታ፤ ግድግዳው ላይ የቀረ ቀዳዳ ያሳየኝ ወዳጅ አለኝ። ከግድግዳው ማዶ ሰው አለመኖሩ የዕድል ጉዳይ ነበር።

አሁን ስለ ማነጣጠር ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይ ያለው ስሌት በጣም ነው የሚማርከኝ። በአንድ ሽጉጥ ላይ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። ፊተኛው ከትክክለኛ ቦታው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ፣ 10 ሜትር ላይ ያለው ኢላማ ዘንድ ስሕተቱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። 25 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር። በአንጻሩ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እንደተስተካከሉ ሆነው እጃችሁ ሙሉ በሙሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ ጥይቱ የሚስተው ያችኑ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ነው ጀማሪ እጁ ተንቀጠቀጠ ብሎ ሲጨነቅ የማዝንለት። የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሻምፒዮኑም ጭምር። ጉዳት የሚያመጣው መንቀጥቀጡን ለመቅደም ሲባል ምላጭን ድንገት መንጠቅ ነው። ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ በመሆኑ፣ ፊተኛው ማነጣጠሪያ ፍንትው ብሎ ይታይ፣ ኢላማው ይደብዝዝ። ኢላማውን አጥርቼ ላየው ያልኩ ዕለት ሁሉ ስቼአለሁ።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። የትኛው ሽጉጥ?

የልቤን ከጠየቃችሁኝ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ባለ 45 ካሊበሩ ኤም 1911 ነው። የአሜሪካ ጦር በ1911 ተቀብሎት እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጡ አድርጎታል፤ ከዚያ በባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ቤሬታ ተተካ። በካዝናው ሰባት ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ከባድም ነው። ምላጩ ግን እንደ ሌሎቹ በዘንግ ላይ አይዞርም፤ እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያንን ምላጭ በጥሩ ባለሙያ ተስተካክሎ አንድ ጊዜ የሳበ ጣት አይረሳውም። ማካሮቭን ደግሞ ስለ ቅንነቱ እወደዋለሁ። የሶቪየት ጦር በ1951 ነው የተቀበለው፤ ስምንት ጥይት ይጎርሳል። በርሜሉ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ መላሹ ሞላ በርሜሉ ላይ ተጠምጥሟል። ፈትታችሁ ስትዘረጉት የማይገባችሁ ቁራጭ አይኖርም። ከዚያ ጋስተን ግሎክ መጣ፤ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው። የሽጉጡን አካል ከፕላስቲክ ሠራው፣ አሥራ ሰባት ጥይት አስያዘው፣ የኦስትሪያ ጦርም በ1982 ተቀበለው። ብዙዎች መጫወቻ ይመስላል ብለው ናቁት፤ ዛሬ ግን አብዛኛው አዲስ የአገልግሎት ሽጉጥ የእሱን መንገድ የተከተለ ነው። እኔ ለመልኩ ልቤ አልተሸነፈም፤ ለሥራው ግን ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ለእናንተ የምመክረው ግን ከእጃችሁ ጋር የሚስማማውን ነው። ሽጉጡን ስትጨብጡ የአውራ ጣታችሁና የጠቋሚ ጣታችሁ መጋጠሚያ ከእጀታው ጀርባ ላይኛው ጥግ ድረስ ይግባ። ጠቋሚ ጣታችሁ ያለ ጭንቀት፣ በመጀመሪያው አንጓ ሥጋ ምላጩ ላይ ይረፍ። መድረስ ካቃተው ሽጉጡ ይበዛባችኋል፤ አልፎ ከታጠፈም ያንሳችኋል። በካሊበር ጉዳይ የሚደረገውን ክርክር አልወደውም። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ምቱ ቀለል ያለ ነው፤ ጥይቱም ስለሚረክስ አብዝቶ መለማመድ ያስችላል። ለእኔ ይህ በቂ ነው።

ስለ እጅ ካነሣን ዘንድ የሃንጋሪውን ካሮይ ታካችን ሳላነሣ ባልፍ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። የጦር ሠራዊት አባልና የታወቀ ሽጉጥ ተኳሽ ነበር። በ1938 በልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ በቀኝ እጁ ላይ ፈነዳበት። የሚተኩስበት እጅ ነው! ከሆስፒታል ሲወጣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በዓመቱ በአገሩ የሽጉጥ ሻምፒዮና ላይ ተሰልፎ አሸነፈ። ከዚያ ጦርነት መጣና የ1940ውና የ1944ቱ ኦሊምፒኮች ቀሩ። በ1948 ለንደን ላይ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ በ38 ዓመቱ ወርቅ አገኘ፤ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። እኔን የሚገርመኝ ወርቁ ብቻ አይደለም። እነዚያን ብቻውን የተለማመደባቸውን ወራት ነው የማስበው። የቀኝ እጁ የሚያውቀውን ሁሉ ለግራው እንደ ፊደል ከሀ ጀምሮ ማስተማር ነበረበት። በእሱ ስፖርት ዛሬም ቢሆን አምስት ጥይት በአምስት ኢላማ ላይ የሚተኮሰው መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሰከንድ ነው። በግራ እጃችሁ ስማችሁን ጽፋችሁ እዩት፤ ከዚያ ይህን አስቡት።

ስለ ጥንቃቄ በአጭሩ። አሜሪካዊው የተኩስ አስተማሪ ጄፍ ኩፐር ያስፋፋቸውን አራት ደንቦች ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ መሣሪያ ሁሉ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠር፤ አፈ ሙዙ ልታጠፉት ወደማትፈልጉት ነገር አይዙር፤ ማነጣጠሪያችሁ ኢላማው ላይ ሳያርፍ ጣታችሁ ምላጭ አይንካ፤ ኢላማውንና ከጀርባው ያለውን እወቁ። የእኔ ጭማሪ አንድ ነው። የተናደድኩ ወይም ኀዘን የገባኝ ቀን ሣጥኑን አልከፍትም። ለልምምድም አልከፍትም። እንዲህ ያለ ቀን ሲረዝም ቁልፉን ለማምነው ሰው የሰጠሁበት ጊዜ አለ፤ በዚህም አላፍርም፤ እናንተም አትፈሩ። በተረፈ ጆሯችሁን ሸፍኑ፤ መነጽር አድርጉ፤ ከተኩስ በኋላ የእርሳሱን ብናኝ ከእጃችሁ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ።

የቀረውን ጊዜዬን ምን ላይ እንደማሳልፍ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። በእግር እሄዳለሁ፤ ብዙ። መጽሐፍ ሳነብ በአንድ እጄ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ዘርግቼ የምይዝበት ጊዜ አለ፤ ትከሻን ያጸናል፤ ቤተሰቤም ለምዶታል። ከሁሉ በላይ ግን እንጨት እወዳለሁ። መላጊያ፣ መሮ፣ ሞረድ። የመላጊያ ምላጭ ሲደነዝዝ ሰው ሳያውቀው ክንዱን ያከብዳል፤ ይገፋል፤ እንጨቱም ይቦጨቃል። የተሳለ ምላጭ ግን በሁለት ጣት ግፊት እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ እየጠቀለለ ያወጣል። ኃይሌን ስጨምር ሥራዬ እንደሚበላሽ ከሽጉጥ በፊት ያሳየኝ መላጊያው ነው፤ ሳልሰማው ቀርቼ ነው እንጂ። በቋንቋችን የሁለቱም ስም ምላጭ መሆኑን ካስተዋልኩ ወዲህ አንዱን ስይዝ ሌላው ትዝ ይለኛል።

ሰሞኑን ሁለቱን ፍቅሮቼን የሚያገናኝ ሥራ ይዣለሁ። ለ10 ሜትር ውድድር ለምጠቀምበት የአየር ሽጉጥ የእንጨት እጀታ እየቀረጽኩ ነው። በዚህ ውድድር የኢላማው አሥር ቁጥር ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እጀታው ልክ እንደ ጓንት መግጠም አለበት። ለእያንዳንዱ ጣት የየራሱን ጎድጓዳ ስፍራ አወጣሁለት። መዳፌን በቀለም ነክቼ እጨብጠዋለሁ፤ ቀለሙ የደመቀበትን ቦታ፣ ማለትም የሚጫነኝን፣ በሞረድ እሸረሽራለሁ። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከአውራ ጣቴ ሥር አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉብታ ቀርታኛለች። ስጨብጠው እስከ ሃያ ስቆጥር አትሰማኝም፤ ከዚያ ትጀምራለች። ይህን የድምፅ ቀረጻ እንደጨረስኩ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ እወርድባታለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ በባዶው እንሞክረዋለን።

ደኅና ሁኑ።